ልኬት አይዘለልም

ጥር 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ሱልጣን በደለኝ። ይህን እዚህ የማሰፍረው ሌላ የሚፈርድልኝ ስለሌለ ነው። ባለሱቃችን ሱልጣን እስከ ትናንት ድረስ ስኳርም ምስርም የሚጠቀልልልኝ ከውጭ አገር መጽሔት በተቀደደ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ከየት እንደሚያመጣው ጠይቄው አላውቅም፤ የደግ ሰው ምንጭ አይጠየቅም። እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ግማሹን ከቦይለር መመሪያ፣ ግማሹን ከሱልጣን ስኳር ነው። ዛሬ ግን በሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ምነው ሱልጣን፣ ከትምህርት ገበታ አባረርከኝ?» አልኩት።

«ጋሽ ቸኮል፣ ስኳሩን ይብሉ፣ ወረቀቱን ይተዉ።»

«ባለፈው ስለ ዓለም መሞቅ የሚያወራውን ጽሑፍ ግማሹን እኔ ወስጄ ግማሹ በጎረቤቴ በአማከለች ምስር ላይ ቀረ። አሁን ዓለም ትሙቅ ትቀዝቅዝ በምን ልወቅ?»

«የእህትዎን ልጅ ይጠይቋታ። ባሕር የምትለካው እሷ አይደለች እንዴ?»

እሷማ ዛሬ ጠዋት ተመልሳ ሄደች። አሥመራ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በወታደር ታጅበው ከሚወርዱት መኪኖች ጋር ወደ ምጽዋ።

የሲሚንቶ ከረጢት ለስኳር አይሆንም። አቧራ አለው። ነገ ደግሜ እነግረዋለሁ።


ጥር 16

ቤቱ ጭር ብሏል። እቴ ወርቅዬ ሁለት ሰው መሆናችንን ረስታ የሦስት ሰው እራት ሠራች። የሦስተኛውን እኔ በላሁት፤ ከዚያ ሆዴን አመመኝ ብዬ አስደነገጥኳት። አመል ነው።

እቴ ወርቅዬ ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ እሷ፣ ልጇ ውዳሴና እኔ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የኖርነው። ውዳሴን እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ማባዛት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ መዋሸትም። ትንሽ ልጅ ሳለች ምሳዬን ይዛ ወደ ሳሙና ፋብሪካው ትመጣና ቦይለሩ አጠገብ ሣጥን ላይ ቆማ የግፊቱን መርፌ ታነብልኝ ነበር። የእኛ ሥራ ይኸው ነው። ጥቁር ናፍጣ ታነዳለህ፣ ውሃ ታፈላለህ፣ በየሰዓቱ መርፌውን አንብበህ ትጽፋለህ። ከሥራው ሁሉ አንድ ሕግ አለ፤ ልኬት አይዘለልም። እኔ ለልጅ እንዲጥም አድርጌ ነው የነገርኳት፤ «ልኬት የዘለለ ሰው የሚነቃው ሰማይ ላይ ነው፤ መላእክቱ የስንት ሰዓት ንባብ ቀረህ ብለው ይጠይቁታል» እያልኩ። በሣቅ ትፈርስ ነበር።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ምጽዋ ባለ አንድ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ተቀጥራለች። ለጥምቀት ስትመጣ ከቦርሳዋ ነጭ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው፣ ሲነኩት የሚሻክር።

«ድንጋይ ነው» አልኩ።

«እንስሳ ነው ጋሼ። ኮራል ይባላል።»

«ድንጋይ የሆነ ሰው አውቃለሁ፤ የፋብሪካችን ኃላፊ ነው። እንስሳ የሆነ ድንጋይ ግን ገና መስማቴ ነው።»

«ቤት አከራይ ነው በለው» አለችኝ። «ውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተክሎች ተከራይተው ይኖራሉ። ኪራዩን በምግብ ይከፍሉታል። ቀለሙንም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ውሃው ከልኩ ትንሽ አልፎ ሲሞቅ ግን ተከራዮቹን ያስወጣቸዋል። ከዚያ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ተራበ ማለት ነው። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘለት ተከራዮቹ ይመለሳሉ። ካልቀዘቀዘለት ይሞታል፤ እሱ ሲሞት ደግሞ በቅርንጫፎቹ መሐል የሚያድጉት ዓሦች መጠለያ ያጣሉ።»

«የትርፍ ቤት አዋጅ ባሕርም ወርዷል በይኛ።»

እቴ ወርቅዬ ቀበሌ እንዳይሰማን ብላ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች።

«ውሃውን ማን አሞቀው ታዲያ?» አልኳት።

«አንተ።»

«እኔ?»

«ጭስ ማውጫህ። ናፍጣው ከአሰብ በቦቴ ይመጣል፣ አንተ ታነደዋለህ፣ ጭሱ ሰማይ ላይ ይቀመጣል። ከጭሱ ውስጥ የማይታየው አየር ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ አፍኖ ይይዘዋል። ከሙቀቱ የሚበዛውን የሚቀበለው ባሕሩ ነው። ያንኑ አየርም ይጠጣዋል፤ ሲጠጣው ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይኮመጥጣል።»

«ባሕር ብቻዬን አሞቅሁ? ደመወዜ እንደዚያ አይልም።»

«የዓለም ፋብሪካና መኪና ሁሉ ነው፤ የኛማ ጠብታ ናት። ግን የለሁበትም እንዳትለኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ለዚያ አይደል የምለካው?»

ይህ መልስ ደስ አለኝ። እርግጠኛ ነኝ የሚል ሰው በዝቷል በዚህ ዘመን።

ባለፈው ክረምት እኛ እዚህ በብርድ ስንንዘፈዘፍ እዚያ ባሕሩ ከመጠን በላይ ሞቆ፣ አንድ ደሴት አጠገብ ያለው ኮራል ነጣ። አሁን በጋው ለባሕሩ ቀዝቃዛው ወቅት ነው። የሚያገግመው ወይም የሚሞተው በእነዚህ ወራት ነውና በየሳምንቱ እየሄደች በገመድ የታሰረ ቴርሞሜትር ታወርዳለች፣ ትጠልቃለች፣ ታያለች። የሚያደርሳት አህመድ የሚባል የጀልባ ባለቤት ነው። ስለ እሱ ሳሾፍባት «ሚስት አለው ጋሼ፤ ዚነት ትባላለች፣ ከኔ ይልቅ የእሷን ዓሣ ጥብስ ትወደዋለህ» አለችኝ።

እቴ ወርቅዬ ከጓዳ ሆና «እዚህ ሰፈር ሥራ ጠፍቶ ነው?» አለች። ሁለታችንም አልሰማንም።


ጥር 21

ዛሬ ቦይለሩን አጥፍተን አጸዳነው። ውሃው ከቧንቧዎቹ ውስጥ የሚጋግረው ኖራ ነጭና ድርቅ ያለ ነው፤ በመዶሻ አይለቅም፤ ለስለስ ያለ አሲድ ይፈስበታል። የሥራ ባልደረባዬ ወጋየሁ ቁራጭ ኖራ ቆርቆሮ ውስጥ ጥሎ አሲዱን ሲያፈስበት አረፋ ደፈቀና ተንሿሽቶ አለቀ። ውዳሴ ያመጣችው ነጭ ነገርና ይህ ኖራ ወንድማማች መሆናቸውን ነግራኝ ነበር። ቀንድ አውጣውም፣ ዛጎሉም፣ ኮራሉም ቤታቸውን የሚሠሩት በዚሁ ነው።

«በቆርቆሮው ውስጥ ምን ታያለህ?» አለኝ ወጋየሁ።

«ቀይ ባሕርን።»

«አሲዱ አናትህ ላይ ወጥቷል።»

ባሕሩ እንዲህ እስኪሆን ብዙ ዘመን ነው፣ እንደዚህም አይፈላም፤ እሷም ብላኛለች። ትንሽ ብቻ ነው የሚኮመጥጠው። ግን ትንንሾቹ ትንሹን ያውቁታል አለች።

ማታ ኮራሉ ላይ ሎሚ ልጨምቅበት አስቤ ተውኩት።


ጥር 29

ፋብሪካው ስልክ ላይ ተጠራሁ። ውዳሴ ናት። መስመሩ እንደ መጥበሻ ይንጫጫል።

«ጋሼ፣ ትሰማኛለህ? የነጣው ቦታ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ማለት ጀምሯል። ተከራዮቹ እየተመለሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«ኪራይ ጨመረባቸው?»

ሣቀች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እዚህ ሰዉ ዕቃውን እያሰረ ነው። ነገ ወደ አሥመራ የሚወጣ መኪና አለ፣ የፈለገ ይሂድ ተብለናል» አለች።

«አንቺስ?»

«የዚህ ሳምንት ልኬት ገና ነው። ከአህመድ ጋር ነገ ወጥተን እዚያው ደሴቱ ላይ አድረን ብንመለስ ይበቃል። ከዚያ በሚቀጥለው መኪና እሄዳለሁ። አሁን ካቋረጥኩት ማገገሙን በምን አስረዳለሁ? አንተ ምን ትላለህ?»

የድሮውን ቀልድ ነገርኳት። የመላእክቱን። ሣቀች። መስመሩ ተቆረጠ።

ለእቴ ወርቅዬ ደኅና ናት አልኳት። ደኅና ናት።


የካቲት 3

ከተማው ያንሾካሹካል። ከሐሙስ ጀምሮ ምጽዋ ላይ ውጊያ አለ ይላሉ፤ አንዳንዱማ ተይዛለች ይላል። የኛ ሬዲዮ ማርሽ ያሰማል። ሱልጣን ከሱቁ ጀርባ የውጭ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ስገባ አጠፋው።

«ሙዚቃ ነው» አለኝ።

«የምን ሙዚቃ?»

«የሀዘን… የውጭ ነው፣ አይገባኝም።»

ስኳር አልገዛሁም።


የካቲት 4

ወደ ጣቢያው ደወልኩ። አይነሣም። ወደ መሥሪያ ቤቷ ደወልኩ። «ሠራተኞቻችን በሙሉ ወደ አሥመራ ወጥተዋል» አለኝ አንዱ። «በሙሉ?» አልኩት። «በአብዛኛው» አለኝ።


የካቲት 8

እቴ ወርቅዬ ቀኑን ሙሉ «ምን አለች በስልክ?» ትላለች። ስለ ዓሣ ነው ያወራነው አልኳት። በእርግጥም ስለ ዓሣ ነው ያወራነው።

«መኪናው ላይ እወጣለሁ አላለችህም?»

«እወጣለሁ ብላለች።»

«መቼ?»

«በሚቀጥለው።»

በሚቀጥለው ማለቷ እውነት ነው። አልዋሸሁም።


የካቲት 12

ዐቢይ ጾም ገባ። ፈርኔሎው ላይ የተረፈ ቅቤ ካለ ልላስ ብዬ እቴ ወርቅዬን አስቆጣኋት። ቁጣዋ ግን ደከም ያለ ነው።

ከቀኑ በአምስት ሰዓት ላይ አቶ መኩሪያ ወደ ፋብሪካው መጡ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። አንድ ቀን እንኳ የፋብሪካው በር ላይ አይቻቸው አላውቅም። ከቦይለሩ ራቅ ብለን ቆምን፤ ድምፁ ይረብሻል አሉ። እሳቸው ግን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት።

የሚስታቸው ወንድም በውዳሴ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ከጣቢያው አሥመራ የደረሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። እነሱ የሚያውቁት ይህን ነው። ልጅቷና ባለጀልባው ረቡዕ ጠዋት ወደ ደሴቶቹ ወጡ። ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ተኩሱ ተጀመረ። በባሕሩ ላይ መርከብም ጀልባም እየተመታ ነበር። ጀልባዋ ስትመለስ ያየ የለም።

«ያየ የለም ማለት ሞታለች ማለት አይደለም» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «ለእህትህ ግን እንዳትተነፍስ። እስኪጣራ።»

«አልተነፍስም።»

«እንደ ወትሮህ ሁን። መቀለድህን ካቆምክ ታውቅብሃለች።»

ሄዱ። ወደ መርፌው ተመለስኩ። ስድስት ነጥብ ሁለት። ጻፍኩት።


የካቲት 13

እንደ ወትሮዬ ሆንኩ። እቴ ወርቅዬን ነጠላዋን ደብቄ አስፈለግኳት። ስታገኘው ሣቀች። ነጠላ መደበቅ አስቂኝ አልነበረም።


የካቲት 15

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ኮረብታው ላይ ቆሜ ጭስ ማውጫችንን አየሁ። ስንት ዓመት ከሥሩ ስሠራ ከሩቅ አይቼው አላውቅም። ጥቁሩ ትንሽ ከወጣ በኋላ ይጠፋል። እንደጠፋ ነበር የማስበው። ውዳሴ አይጠፋም፣ የሚታየው ነው እንጂ የሚጠፋው አለችኝ። የማይታየው ይቀራል፣ ይሄዳል፣ ባሕር ላይ ይወርዳል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሱልጣን ዛሬ ሳልጠይቀው ሙሉ መጽሔት ሰጠኝ። ሳይቀደድ። «ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለ። ዋጋ አልቀበልም አለ። ሱልጣን ዋጋ አልቀበልም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። መጾም የጀመረ መሰለኝ፤ እስላም መሆኑን እስካስታውስ።


የካቲት 17

ሰው ሁሉ ደግ ሆኗል። በጾም ለላሟ ወተት ገዢ አጣሁ ብላ ስታማርር የከረመችው አማከለች ዛሬ ምስር ወጥ በሳህን ይዛ መጥታ «እናንተ ብሉ ብዬ ነው» አለች። ወጋየሁ ፈረቃዬን ልያዝልህ ይለኛል። የጎረቤት ልጆች ላይ ውሃ ስረጭ አልሸሹም፤ ቆመው ረጠቡ።


የካቲት 19

የስምንት ሰዓቱን ንባብ አልጻፍኩም።

ከፊቱ ቆሜ ነበር። መርፌውን እያየሁ ነበር። የት ላይ እንደሆነ ግን አላየሁም። ወጋየሁ «ጋሽ ቸኮል፣ ስምንት አልፏል እኮ» ሲለኝ ዘጠኝ ሊሆን ነበር። መዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ ቀረ። በዚህ ፋብሪካ በእጄ የተተወ የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ነው።

ወጋየሁ «የሰባቱን ልድገመው፣ ማን ያውቃል?» አለ። ተው አልኩት።

ምንም አልሆነም። ቦይለሩ አልፈነዳም። ሳሙናው ተቀቀለ። ማንም ሰማይ ላይ አልነቃም።

አንድ ብትዘለል ምንም አይሆንም ነበር ማለት ነው።


የካቲት 20

ትናንት ምን ለማለት እንደፈለግሁ አላውቅም። ደክሞኝ ነበር።


የካቲት 22

እቴ ወርቅዬ በጓሮ በትልቁ ድስት ጥቁር ቀለም አፍልታ ጨርቅ ስትነክር ደረስኩባት።

«ምንድን ነው?»

«ቀሚሴ ነው። ቀለሙ ለቀቀ።»

ቀሚሷ አርጅቷል። ልክ ናት። ሰማያዊው ነበር የመሰለኝ፣ ግን ከቀለሙ በኋላ በምን ይታወቃል?

ስለ ውዳሴ መጠየቅ ትታለች። ይህ መልካም ነው። እየረሳች ነው ማለት አይደለም፤ ታምናለች ማለት ነው። በየቀኑ የምወደውን ሹሮ ታቀርብልኛለች። የቆየ ቀልድ ስነግራት ከመጨረሴ በፊት ትሥቃለች።


የካቲት 27

በፋብሪካው አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ከአሁን ጀምሮ ኢኮኖሚያችን ቅይጥ ነው ተባልን። ወጋየሁ በጆሮዬ «ቅይጥ ማለት ምንድን ነው?» አለኝ። «አሲድና ኖራ» አልኩት። ደንግጦ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ቀልድ ነበር። ማንም ሰው በዚህ ሰሞን ቀልዴን እንደ ቀልድ አይሰማም።

የሱልጣንን መጽሔት አነበብኩ። ስለ ባሕር ምንም የለውም። የሰዓት ማስታወቂያ ብቻ።

በበጋው መጨረሻ ውሃው ይሞቃል ብላኛለች። ተከራዮቹ ተመልሰው ከሆነ ገና በደንብ ሳይደላደሉ ሙቀቱ ይደርስባቸዋል። ቡናማው ጫፍ ምን ያህል ሄደ? የሚያይ ሰው የለም። ያ ኮራል ቢድንም ባይድንም የሚያውቅ ሰው የለም አሁን። ይህን ሳስብ ሌላ ነገር አላስብም፤ ስለዚህ ይህን አስባለሁ።


መጋቢት 1

አቶ መኩሪያ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ ጠብቀው ያዙኝ። ሽማግሌዎቹ መክረዋል። ነገ እሑድ ማለዳ፣ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሳያልቅ፣ መርዶው ይነገራል። ዘመድም ከብሥራተ ገብርኤል በኩል ተጠርቷል። ድንኳኑ ከእድሩ መጋዘን ወጥቷል።

«የታየ ነገር የለም አቶ መኩሪያ» አልኳቸው። «አስከሬን የለ። ምስክር የለ። በምን አፍ ሞተች ትላላችሁ?»

«ባሕር ምስክር አይሰጥም ቸኮል።»

«ጀልባዋ ወደ የመን ተነድታ ከሆነስ? ደሴት ላይ ተቀምጣ ከሆነስ?»

«ከሆነማ እሰየው፤ ድንኳኑን አፍርሰን እንጨፍራለን። ግን ሰው ሳያለቅስ እስከ መቼ ይቀመጣል? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሳቅ እያስመሰለ አጠገባችሁ የሚያልፈው ሕዝብ ደከመ።»

«እቴ ወርቅዬ ልቧ ደካማ ነው። ቀስ አድርጋችሁ ንገሯት። ምንም አታውቅም» አልኳቸው።

አቶ መኩሪያ አጥሩን ያዝ አደረጉ።

«ቸኮል፣ እህትህ ካንተ በፊት ነው የሰማችው» አሉ። «አማከለች ነገረቻት። በማግስቱ ወደ ቤቴ መጥታ ‹ለወንድሜ እንዳትነግሩት፣ እሱ ነው ያሳደጋት፣ አይችለውም› አለችኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ላንተ ነግሬሃለሁ። ምን ልበላት? እሺ አልኳት።»

ቤት ገባሁ። ሹሮ አቀረበችልኝ። «ጨው በዛበት» አልኳት። አልበዛበትም ነበር። «ለምላስህ ነው፤ ምናልባት ቢያሳጥረው» አለችኝ። እንደ ድሮዋ።

ሁለታችንም በላን። ሽማግሌ ሳይናገረው ማን ይናገረዋል?


መጋቢት 2፣ እሑድ ማለዳ

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ሰዓት እላፊው ካበቃ በኋላ ነው የሚመጡት። እቴ ወርቅዬ ከሌሊት ጀምሮ ለባብሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁሩን ቀሚስ በነጭ ነጠላ ሸፍናዋለች። እኔ ጫማዬን አስሬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጫለሁ። ምን እየጻፍክ ነው ብትል ንባብ እላታለሁ። አትጠይቀኝም።

አልቅሼ አላውቅም በዚህ ሰሞን። ዛሬ አለቅሳለሁ ማለት ነው። እንዴት እንደሚጀመር ግን ጠፍቶኛል። ሌሎቹ ሲጀምሩ እከተላለሁ።

የእግር ድምፅ አለ። በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ። ሽማግሌዎች እንዲህ አያንኳኩም፤ በስም ይጣራሉ።

እቴ ወርቅዬ ከፈተች። ሴት ናት። ቀላ ያለች፣ ረጅም፣ በጥቁር ሻሽ የተሸፈነች፤ አንድ የታሰረ ሻንጣ ይዛለች። ከተኩሱ በፊት ወደ አሥመራ ወጥቼ ነበር፣ ከዚያ በአውሮፕላን ትናንት መጣሁ ትላለች። አማርኛዋ የምጽዋ ሰው አማርኛ ነው። «ነፋስ ስልክ ሄደሽ የሳሙናው ፋብሪካ ጭስ የሚታይበት ሰፈር ጠይቂ፣ የጋሽ ቸኮልን ቤት ሁሉም ያውቀዋል ብላኝ ነበር። አንድ ነገር ከሆነ እዚያ እንገናኛለን ብላኝ ነበር።»

«ማን ናት ያለችሽ?» አለች እቴ ወርቅዬ።

«ውዳሴ። እኔ ዚነት ነኝ፣ የአህመድ ሚስት። ባሌ ከእሷ ጋር ነው በጀልባ የወጣው። እሷ ከመጣች እሱም መጥቷል ብዬ ነው። መጥታለች?»

እቴ ወርቅዬ ወደ እኔ አላየችም።

«ገና ነች» አለቻት። «ግቢ። ብርድ ነው፣ ግቢ።»

አሁን አስገብታ አልጋው ላይ አስቀምጣታለች፤ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀብላታለች። ሴትዮዋ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ታያለች፤ በዚህ ከተማ ወገን የላት፣ የሚደግፋት የላት። መርዶ እንዲህ ላለ ሰው አይነገርም። አንዱ ሲነገር ሌላውም ይሰማል፤ ጀልባዋ አንድ ናት።

በመስኮቱ አያለሁ። ከኮረብታው በኩል ጋቢ የለበሱት እየወረዱ ነው፤ አቶ መኩሪያ ከፊት ናቸው። በር ላይ ደርሰው ከመጣራታቸው በፊት ወጥቼ ልመልሳቸው ይገባል። ምን ብዬ እንደምመልሳቸው አላውቅም። ቀልድ እፈልጋለሁ። እስከ አጥሩ ድረስ እርምጃው ጥቂት ነው፤ አንድ ቀልድ ይበቃኛል። ልውጣ።